ማኅሌታይ ያሬድ፦ የብዙዎች የሆነ አንድ ስም



በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የማኅሌታዩ የያሬድ መታሰቢያ ነው። በዚህ ቀን በዜማ ትምህርታቸው በታወቁት አድባራትና ገዳማት ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽላቸውን ይዘው በማኅሌት ያስታውሱታል። እኛም በየቁምስናችን በግእዝ ሥርዐት ስናስቀድስ፣ ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡም ሲቀበል፣ የምንሰማው ዜማ በዚሁ ሰው ስም የሚጠራ ነው። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍሎቻችን የተማሪዎች ስም በሚጠራበት ሰዓትም ያሬድ የሚባል ልጅ የማይገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም ልጁም ወላጆቹም ስለ ስሙ ቢጠየቁ፣ ብዙውን ጊዜ የዜማ አባት ነው ከሚለው ያለፈ መልስ አይገኝም።

ስለዚህ በዚህ እትማችን የያሬድን ሕይወት ከልጅነቱ እስከ ዕረፍቱ በአጭሩ ልንተርክ አስበናል። ይህን ስንጽፍ በተለይ በልባችን ያለው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ነው። ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዐባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ አገር የያሬድን ዜማ ጠብቀው ካቆዩት ስፍራዎች አንዱ ነውና። ታሪኩን ስንከተል የምናየው ዋና ነገርም ይህ ነው፦ ያሬድ የሚለው ስም የአንድ አገር ወይም የአንድ ወገን ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ስሙ ከየት መጣ?

ስሙ ከአክሱሙ ሊቅ በፊት እጅግ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት 5ኛው ምዕራፍ ከአዳም እስከ ኖኅ የተዘረዘሩት አበው ዐሥር ሲሆኑ፣ ስድስተኛው ያሬድ ይባላል። እርሱም የመላልኤል ልጅ ነው፤ በ162 ዓመቱ ሄኖክን ወለደ፤ ከዚያ በኋላ 800 ዓመት ኖሮ በ962 ዓመቱ ዐረፈ። ከእርሱ የበለጠ ዕድሜ የተቈጠረለት 969 ዓመት የኖረው የልጅ ልጁ ማቱሳላ ብቻ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስም በ3ኛው ምዕራፍ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ወደ አዳም ሲያደርስ ያሬድን ከአበው መካከል ይቈጥረዋል። እንግዲህ ይህ ስም በመድኃኔ ዓለም የትውልድ ሐረግ ውስጥ የገባ ስም ነው።

ትርጓሜውን ለማወቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዕብራይስጥ ስሙ መውረድ ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ይህም ግሥ በግእዝና በአማርኛ ወረደ ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነው። የዮርዳኖስ ወንዝ ስምም ከዚሁ ሥር እንደ ወጣ ብዙ ሊቃውንት ያስረዳሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ያሬድ የተባለበትን ምክንያት ሲያትት፣ በዘመኑ የእግዚአብሔር መላእክት ሰዎችን ሊያስተምሩ ወደ ምድር ስለ ወረዱ ነው ይላል። መምህራን ይህን ለልጆች ሲያስረዱ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ እኛ ከሰማያት ወረደ ብለን የምንመሰክረውን ምሥጢር ሊያስታውሷቸው ይችላሉ። የክርስትና እምነት መሠረቱ የአምላክ መውረድ ነውና፣ መውረድ የሚል ስም መያዝ ውርደት አይደለም።

የአክሱሙ ሕፃን

በአገራችን የታወቀው ያሬድ በአክሱም ተወለደ። በሊቃውንቱ ትውፊት የተወለደበት ዘመን 505 ዓ.ም. ነው፤ የኖረውም በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ካሌብና በልጁ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ በአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው።

ሕፃኑ ግን ትምህርት አልያዝ አለው። ባልንጀሮቹ ዳዊት ደግመው ወደ ሌላ መጽሐፍ ሲሻገሩ እርሱ በፊደልና በንባብ ላይ ቀረ። ዛሬ ያጠናው ነገ ይጠፋበታል። ጓደኞቹ ዘበቱበት፤ መምህሩም በዚያ ዘመን ልማድ ገረፈው። ግርፋቱ ቢበዛበት፣ ኀፍረቱም ቢጸናበት፣ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ሄደ።

በመንገድ ሳለ ዝናም ወይም የፀሐይ ሐሩር እንደሚያስጠጋው ማንኛውም መንገደኛ ማይ ኪራሕ በሚባለው የውኃ ቦታ አጠገብ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያም አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ዛፉን ሲወጣ አየ። ትሉ ከግንዱ አጋማሽ ሲደርስ ይወድቃል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይወጣል፤ ዳግመኛም ይወድቃል። በአበው አነጋገር ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ፤ የተመኘውንም ፍሬ በላ። ያሬድም ይህን አይቶ በራሱ ላይ ፈረደ። ነፍስና ልብ ያልተሰጠው ትል ለሆዱ ሲል ይህን ያህል ከታገሠ፣ እርሱ ግርፋትን ፈርቶ ትምህርቱን መተዉ አሳፈረው። ወደ አጎቱም ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንዲያስተምረውም ለመነ። መምህሩም ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ልቡናው ተከፍቶለት መዝሙረ ዳዊትን፣ ብሉያትንና ሐዲሳትን በአጭር ጊዜ ፈጸመ፤ በወጣትነቱም ዲቁና ተቀበለ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ልናስተውለው የሚገባው ግን የታሪኩ መካከል ነው። ያሬድ ያን ቀን ባይመለስ ኖሮ፣ መምህሩም በሩን ቢዘጋበት ኖሮ፣ የምንተርከው ሕይወት አይኖርም ነበር። የትሉ መውጣት ብቻውን አልበቃም፤ የጠፋውን ልጅ የሚቀበል ሰው አስፈልጓል።

ከሰማይ የተሰማ ዜማ

በስንክሳርና በገድሉ እንደ ተጻፈው፣ እግዚአብሔር ለያሬድ ከገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት። እነርሱም በሰው ቋንቋ ተናገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም አወጡት። በዚያም በዮሐንስ ራእይ እንደምናነበው በእግዚአብሔር ዙፋን ዙሪያ ያሉትን የሃያ አራቱን ካህናት ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታላቅ ድምፅ አዜመ። የመጀመሪያ ዜማውም አርያም ይባላል። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ መኳንንቱና ሕዝቡ ሁሉ ያሉበትን ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ፤ ሲሰሙትም ዋሉ። በአክሱም አካባቢ ከዜማው ጋር ስሙ የሚነሣው ስፍራ ሙራደ ቃል ይባላል፤ ይህም የቃል መውረጃ ማለት ነው። የያሬድ ስም ሥር እዚህም ላይ ተመልሶ ይገኛል።

የዜማው ስልት ሦስት ነው፤ እነርሱም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። ሊቃውንቱ ግእዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍትም አምስት ናቸው። ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ ሲሆን፣ ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው። ምዕራፍ የዘወትሩንና የጾሙን ጸሎት የሚመራ ነው። ዝማሬ ከቅዱስ ቍርባን በኋላ የሚዜም ሲሆን፣ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር በሚባሉ አምስት ክፍሎች የተመደበ ነው። መዋሥዕት ደግሞ ሙታንን ለማሰብ ይዜማል። እንዲህ ሆኖ ከልደት እስከ ሞት፣ ከመስከረም እስከ ጳጕሜን፣ ዜማ ያልተመደበለት ጊዜ የለም።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ካቶሊካዊ የሮሙን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁን ጎርጎርዮስን ማስታወሱ አይቀርም። ጎርጎርዮስ መንበሩን የያዘው ከ590 እስከ 604 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያሬድና እርሱ የአንድ መቶ ዓመት ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል። በላቲን ሥርዐት የሚዘመረው የጥንቱ ዜማ በጎርጎርዮስ ስም ይጠራል። ሠዓሊዎችም ርግብ በትከሻው ላይ ቆማ በጆሮው ስትነግረው ይሥሉታል። በዚያው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ ሮማኖስ የሚባለው ማኅሌታይ በግሪክ ቋንቋ ይደርስ ነበር። ሦስቱ በአካል አልተገናኙም፤ ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ ነበር። ሦስቱም ሕዝቦች ግን ስለ ዜማቸው የመሰከሩት አንድ ነገር ነው፦ ሰው ያገኘው ሳይሆን ከላይ የተሰጠ ነው ብለዋል።

ጦሩና ስንብቱ

ከያሬድ ሕይወት በሥዕል እጅግ የታወቀው ክፍል በንጉሡ ፊት የሆነው ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል በጦሩ ተደግፎ ዜማውን ያዳምጣል፤ ያሬድም ከፊቱ ቆሞ ያዜማል። ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳለ የጦሩ ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ዐረፈ፤ ሥጋውንም ወግቶ ደሙ ፈሰሰ። ወጊውም ተወጊውም አላወቁም። ማኅሌቱ ሲፈጸም ንጉሡ ደሙን አይቶ ደነገጠ፤ ጦሩንም ነቀለ። ስለ አደረሰበትም ጉዳት ካሣ እንዲሆነው የፈለገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው፤ የጠየቀውንም ሊፈጽምለት ማለለት።

ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም። ዓለምን ትቶ በምንኵስና ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ መሐላውን ማፍረስ ግን አልቻለም። ያሬድም በአክሱም ጽዮን በታቦቱ ፊት ቆሞ እመቤታችንን አመስግኖ፣ ካህናቱንና ሕዝቡን ተሰናብቶ ወጣ። በመጨረሻም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በጾምና በጸሎት፣ ደቀ መዛሙርትን በማስተማርም ኖረ፤ በዚያው በግንቦት 11 ቀን ዐረፈ። ከቤተ መንግሥቱ ክብር ወርዶ በበረዶና በብርድ አገር ዐፈሩን ለበሰ። በዚህም ስሙና ሕይወቱ ተስማሙ።

ያሬድና ጋይንት

በጋይንት የሚነገረው ትውፊት ለዚህ ታሪክ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ይጨምርለታል። በትውፊቱ መሠረት ያሬድ ከአቡነ አረጋዊና ከዐፄ ገብረ መስቀል ጋር ወደዚህ አገር መጥቶ በዙር አምባ ተቀመጠ፤ አንዳንዶችም ስፍራውን ዙር አባ ይሉታል። ዝማሬን የደረሰው በዚህ አምባ ላይ ነው ይባላል። ስለዚህም ዙር አምባ እስከ ዘመናችን ድረስ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ሆኖ ታውቋል። በሌላ ስፍራ ዝማሬ የተማረ ሰው መምህር ለመባል ወደዚያ ወጥቶ፣ የተማረውን አስመስክሮ መመለስ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የጋይንት መብራት ቤተ ልሔም ነው። ይህ ደብር የድጓ ምስክር ቤት ነው። ስሙ ጌታችን ከተወለደበት ከይሁዳ ከተማ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜውም የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጥንታዊው ከድንጋይ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘመን በተሠራ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተከልሎ ስለሚገኝ፣ ከሩቅ የሚመለከተው ሰው በውስጡ ያለውን አያውቅም። ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ደርሶ ስለ ቤቱ ከጻፈ በኋላ በውጭው ዓለምም ታወቀ። ለድጓ ተማሪዎች ግን ቤተ ልሔም ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዓመት የታወቀች ነበረች።

ድጓ የሚማር ሰው ኑሮው ቀላል አይደለም። ከወላጆቹ ርቆ ይሄዳል፤ ከመምህሩ ደጅ በሣር ጎጆ ይኖራል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ በእመቤታችን ስም እየለመነ ቁራሽ ያገኛል። ሌሊት በጨለማ ቃሉን ይቀጽላል፤ ቀን በብርሃን ምልክቱን ያያል። ዜማውን ከነምልክቱ አጥንቶ፣ መጽሐፉንም በገዛ እጁ በብራና ጽፎ ለመጨረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ከምልክቶቹም ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ቍርጥ፣ ርክርክና ደረት ይገኙባቸዋል። ሊቃውንቱ እነዚህን ከጌታችን ሕማም ጋር ያያይዟቸዋል፤ ይዘት የመያዙ፣ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ መንጠብጠብ ምሳሌ ነው ይላሉ። በዐቢይ ጾም ስለ ሕማማተ መስቀል የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል።

በዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ድርቅ በተደጋጋሚ የጎበኛቸው፣ መሬታቸው በጎርፍ የተሸረሸረ፣ ብዙ ገበሬ ከዓመት ዓመት የማይደርስበት አገር ናቸው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በሽማግሎች ዘንድ እንደ ትናንት ይታወሳል። ለተማሪው ከአኮፋዳው ቁራሽ የጨመረችለት እናት ለልጆቿ የሚበቃ የሌላት ነበረች። የያሬድ ዜማ ከነገሥታት ስጦታ ይልቅ በእንዲህ ያለው ቁራሽ እዚህ ደርሷል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ቤተ ልሔም የእንጀራ ቤት መባሏም በዚህ ትርጓሜ እውነት ሆነ።

የታሪክ ሊቃውንት ምን ይላሉ?

የያሬድን ታሪክ የምናውቀው እርሱ ካረፈ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ከተጻፉት ከስንክሳርና ከገድሉ ነው። ገድሉን ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1904 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ድጓን የመረመሩ ሊቃውንት መጽሐፉ በአንድ ዘመንና በአንድ ሰው እጅ ብቻ አላለቀም ይላሉ፤ ከያሬድ በኋላ የነበሩ ደራስያን እየጨመሩበት አድጓል። የዜማውን ምልክቶች በተመለከተ ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንደ ሠሩባቸው ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። ጊዜው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍትንና አብያተ ክርስቲያናትን አጥፍቶ ያለፈበት ወቅት ነበር። ሊቃውንቱም በቃል የቀረው እንዳይጠፋ በብራና ላይ ምልክት አደረጉበት።

ይህ ነገር የያሬድን ክብር አይቀንሰውም። በጎርጎርዮስ ስም የሚጠራው ዜማም ቢሆን አሁን በምናውቀው መልኩ የተደራጀው እርሱ ካረፈ ከመቶ ዓመታት በኋላ እንደ ሆነ የምዕራቡ ሊቃውንት ይስማሙበታል። መዝሙረ ዳዊትም በዳዊት ስም ይጠራል እንጂ የአሳፍና የቆሬ ልጆች መዝሙራትም በውስጡ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ልማድ እንዲህ ነው፤ ብዙዎች ደክመው የሠሩትን ለጀመረው አባት ትሰጣለች። ጌራና ራጉኤል፣ ስማቸውም ያልተጻፈው የጋይንት የድጓ መምህራን፣ ሥራቸውን ሁሉ ያሬድ ብለው ጠሩት። ስለዚህ ያሬድ የሚለው ስም የአንድ ሰው ስም ሆኖ ሳለ የብዙ ትውልድ ስምም ነው።

ስሙና ዜማው ወደ ሌሎች ሕዝቦች

ዜማው ከአገር የወጣው ከጥንት ጀምሮ ነው። በ1511 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ከኮሎኝ ከተማ የመጣ ጀርመናዊ ካህን በሮም ሳለ የኢትዮጵያ መነኮሳት በቤተ ክርስቲያናቸው ሲጸልዩ ሰማ። ቋንቋውን ባያውቅም ከሚያዜሙት መካከል የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ለየ። በዚህም ልቡ ተነክቶ ከእነርሱ ግእዝ ተማረ፤ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በሮም አሳተመ። በግእዝ ቋንቋ በማተሚያ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ አጠገብ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የጀመረው የኢትዮጵያውያን ጸሎት በኋላ በቫቲካን በቆመው በኢትዮጵያ ኮሌጅ ቀጥሏል። የኤርትራ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም እንደ እኛ በዚሁ በግእዝ ሥርዐት ታመሰግናለች።

ስሙም ከድንበር አልፏል። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ጃረድ እየተባለ ለልጆች ይወጣል። በሊባኖስ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይገኛል፤ በ1949 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ተወልዶ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ያደገው የሙዚቃ ደራሲ ገብርኤል ያሬድ በፊልም ሙዚቃ ድርሰቱ በ1997 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ኢትዮጵያዊ ሳይሆን ስሙ ያሬድ፣ ሙያውም ዜማ መሆኑ አንባቢን ያስገርማል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ሩጫ ለአሜሪካ የነሐስ ሜዳልያ ሲያገኝ ስሙ በዓለም ሁሉ ተጠርቷል። በአዲስ አበባም ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ በመጀመሪያ ዲሬክተርነት የመሩት የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ፒያኖና ቫዮሊን ጭምር የሚማሩበት ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ሊቅ ስም ተሰይሟል።

በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወታቸው ከዚህ ጋር ይገናኛል። በአውሮጳ የሙዚቃ ትምህርት የሠለጠኑት እኚህ መነኵሲት በጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ድሆች ተማሪዎች መጠለያ አጥተው በየደጁ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ገቢውን ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። የጋይንቷ እናት በቁራሽ እንጀራ ያደረገችውን እርሳቸው በፒያኖ አደረጉት።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማር?

በመጀመሪያ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን እናስባለን። በየክፍላችን ትምህርት አልያዝ ያለው፣ ጸሎቱን ከባልንጀሮቹ ኋላ የሚያደርስ፣ አፍሮ የሚቀር ልጅ አይጠፋም። የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፣ ሲመለስም ያለ ወቀሳ መቀበል የመምህርነት ሥራ ነው። አባ ጌዴዎን በገረፈበት ቀን ያሬድን አጥቶት ነበር፤ ያገኘው በተቀበለበት ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ የተቀበልነውን ቅርስ ማወቅ ይገባናል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ ሥርዐታችንን እንድንጠብቅና በሚገባ እንድናውቀው አዞናል። ይህን ዜማ በረኀብና በብርድ ጠብቀው ያቆዩልን የእኅታችን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። ካቶሊካውያን በዚህ አገር ቍጥራችን ጥቂት ቢሆንም ውለታው ብዙ ስለ ሆነ፣ ስማቸውን በአክብሮት ልናነሣ፣ ከተማሪዎቻቸውም ቁራሻችንን ልንካፈል ይገባናል።

ሦስተኛውን በሐዘን እንጽፈዋለን። ያሬድ የተወለደው በአክሱም ነው፤ በጋይንት አስተማረ ይባላል፤ ያረፈው በሰሜን ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት እነዚህ ሦስቱም አገሮች ደም ፈሰሰባቸው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ የጋይንት ሕዝብ፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ብዙ መከራ ተቀበሉ። በሰሜንና በጸለምት ያሉ መንደሮችም ከመከራው አላመለጡም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግንቦት 11 ቀን ሲደርስ በሁለቱም ወገን አንድ ሰው ይታሰብ፣ አንድ ዜማ ይዜም ነበር። በሁለቱም ወገን ያሬድ የሚባሉ ልጆች ሞቱ፤ እናቶቻቸውም በአንድ ስም አለቀሱ።

ጦርነቱ በስምምነት ከቆመ በኋላም ቍስሉ በልብ ውስጥ ቆይቷል። ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ነገር ከያሬድ ታሪክ ውስጥ አለን። ዐፄ ገብረ መስቀል ሳያውቅ ነበር የወጋው፤ ባወቀ ጊዜ ግን አላወቅሁም ብሎ አላለፈም። በመጀመሪያ ጦሩን ነቀለ፤ ቀጥሎ ቍስሉን አየ፤ ከዚያም ምን ልካስህ ብሎ ጠየቀ። የተወጋውም በቀልን አልፈለገም። የዕርቅ መንገድ ይህ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል አይፈጸምም። በየቁምስናችን ስለ ዕርቅ የምናስተምር ሁሉ ይህን ታሪክ ለልጆችም ለሽማግሎችም ብንነግራቸው፣ ሁሉም የሚያውቁት አባት ስለሆነ ይሰሙናል።

ልጁን ያሬድ ብሎ የሰየመ ወላጅም ይህን ያስብ። በአክሱም፣ በጋይንት፣ በአስመራ፣ በቤይሩትም በዚህ ስም የሚጠሩ አሉና ለልጁ ያወረሰው ከብዙዎች ጋር የሚጋራውን ስም ነው።

ከሰማያት የወረደው አምላካችን ለወደቁት መነሣትን፣ ለተለያዩት መገናኘትን ይስጥልን። አሜን።